በቁጥር በሐሰት መመስከር

«ዘንድሮ ማጅራት መቺ በዝቷል» ያለ ሰው በስም ያልጠራቸውን ሰዎች ከሷል። «ኧረ ወንጀል ቀንሷል» ብሎ የመለሰለትም ትናንት ማታ ስልኳን የተነጠቀችውን ሴት አቤቱታ ሳይሰማ ዘግቶታል። አንደኛው በማያውቃቸው ወጣቶች ላይ፣ ሌላው በማያውቃት ተበዳይ ላይ ቃሉን ሰጥቷል። በቡና ላይ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በባጃጅ ውስጥ የምንለዋወጠው ይህ ዓይነቱ ወሬ እንደ ምስክርነት አይቆጠርም፤ ማንም አልማለበትም፣ ዳኛም አልሰማውም። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው የኦሪት ትእዛዝ ግን ስለ ብዙዎች በጅምላና በቁጥር ስንናገርም ያስረናል ወይ? እኔ ያስረናል ባይ ነኝ። እንዲያውም በቁጥር የሚነገር ሐሰት ከሌላው ይከፋል። በስሙ የተከሰሰ ሰው ቆሞ ይከራከራል፤ በጅምላ የተከሰሰ ግን መከሰሱንም አያውቅም።

ወረታን በመሰለ ከተማ ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቆማል። ወረታ የመንገድ ልጅ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚታጠፈው የሚለያየው እዚሁ ነው። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ከደጋው ወርደው ጣና ከመግባታቸው በፊት ክረምት ክረምት የሚተኙበት ለጥ ያለ መሬት። በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት መሬት ላይ ተሞክሮ የተጀመረው ሩዝ የአካባቢውን ኑሮ ለውጦታል። ሩዝ መፈልፈያ ቤት ይፈልጋል፤ መፈልፈያ ቤቱ ነጋዴ ይስባል፤ ነጋዴው ደላላና ጫኝ ያስከትላል። በአጨዳና በውቂያ ወራት የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት በመንገዱ ዳር ይበዛል፣ ጥሬ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ ይፈስሳል። በዚህ ወቅት ቅሚያ ቢበዛ የሰው አእምሮ በወቅቱ የመጣውን እንግዳ ከወቅቱ ሌባ ጋር ማሰሩ አይቀርም። ነገር ግን በዚያው ወቅት የበዛው እንግዳው ብቻ አይደለም። በየኪሱ ያለው ብርም በዝቷል፤ አምሽቶ የሚገባው ነዋሪም እንደዚያው። ሌባው የአገሩ ተወላጅ ቢሆንም የሚነጥቀው ነገር የሚያገኘው በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዳውና ቅሚያው አብረው መምጣታቸው አንዱ የሌላው አባት መሆኑን አያስረዳም።

የማይታወቅ ሌባ እንዴት ይታወቃል የሚለው ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችን ቢያንስ ሁለት መልስ ነበራቸው። አንደኛው ሌባሻይ ነው። ለአንድ ብላቴና የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከዚያ ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ እየተያዘ በመንደሩ ይለቀቃል። ብላቴናው እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሰዉም ይከተለዋል፤ በመጨረሻ ደጁ ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ብዙ በደል ካደረሰ በኋላ ሥርዐቱ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ዛሬ ሲወራ የሚያስቀው መድኃኒቱ ነው፤ የጉዳዩ እንብርት ግን ሌላ ቦታ ነው። የሰከረ ልጅ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም። በማንኛውም ሌሊት፣ በማንኛውም መንደር፣ ሌባ ኖረም አልኖረም፣ ሌባሻይ አንድ ደጅ ያሳያል። ሁልጊዜ መልስ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ምንም አልነገረንም፤ ውሸቱን ከእውነቱ የምንለይበት አንድም ቀን «አላገኘሁም» አይልምና። የሰፈር ወሬም እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ድንጋጤ ነው፤ የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ ዘመድ የሌለው፣ አነጋገሩ የተለየ፣ ማታ ማታ መንገድ ዳር የሚቆም ልጅ ደጅ ላይ ነው። «ወሬ ቢነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው ተረት የተተረተው ለዚህ ነው።

እንግዲያው የፖሊስ መዝገቡን እንመን? መዝገብ ከሌባሻይ እንደሚሻል አያከራክርም፤ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ የአቤት ባይ ስም አለው። ግን አንድ ቅሚያ መዝገብ ላይ እስኪደርስ ምን ያህል በር እንደሚያልፍ እንይ። አንዲት ሴት አመሻሽ ላይ ከመናኸሪያው ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ አንዱ ስልኳን ከጆሮዋ ላይ መንትፎ በመፈልፈያ ቤቶቹ መካከል ባለው ቅያስ ተሰወረ እንበል። መጀመሪያ ማመልከት ይጠቅመኛል ብላ ማመን አለባት። በነጋታው የገበያ ቀኗን መተው አለባት። የስልኩን መለያ ቁጥር ስትጠየቅ ካርቶኑን ጥላዋለች። ነጣቂው የጎረቤት ልጅ መሆኑን ከጠረጠረች ደግሞ ሽማግሌ ልካ ስልኳን ለማስመለስ መሞከሩ ይቀላታል። መታወቂያዋ ከቦርሳዋ ጋር ከሄደ ግን ፖሊስ ጣቢያ ብቅ ማለቷ አይቀርም፤ ምትክ ለማውጣት ወረቀት ያስፈልጋታልና። አንድ ዓይነት በደል የደረሰባቸው ሁለት ሴቶች፣ አንዷ መዝገብ ላይ አለች፣ ሌላዋ የለችም፤ የለያቸውም መታወቂያ ነው። ገብታም ከሆነ የመዝጋቢው ብዕር ይጠብቃታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን፣ በአንቀጽ 670 ውንብድናን ለየብቻ ይደነግጋል፤ ውንብድናን የሚለየው ኃይል ወይም ዛቻ መኖሩ ነው። ስልኩ ሲመነተፍ እጇ ተጠምዝዞ ነበር ወይስ አልነበረም? ጥያቄው ካልተጠየቀ ወይም ሳይጻፍ ከቀረ ውንብድናው ስርቆት ሆኖ ይቆጠራል። መዝጋቢው አልዋሸም፤ የዓመቱ ድምር ግን ሌላ ወሬ ያወራል።

ይህን ችግር የወንጀል ቁጥር ሲጀመርም ያዩት ነበሩ። ፈረንሳይ የመላ አገሪቱን የፍርድ ቤት ወንጀሎች ቆጥራ ማሳተም የጀመረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ነው። የቤልጂጉ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ እነዚያን ሰንጠረዦች ሲመረምር የታወቀው ወንጀል ለጠቅላላው ወንጀል መለኪያ የሚሆነው በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ከዓመት ዓመት ካልተናወጠ ብቻ መሆኑን ተረዳ። በሰላሙ ዘመን ከአሥር ተበዳይ አራቱ ቢያመለክቱ፣ ዘንድሮም አራቱ ካመለከቱ፣ የመዝገቡ ውጣ ውረድ የመንገዱን ውጣ ውረድ ያሳያል። ዘንድሮ ያመለከቱት ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ግን ቅሚያው ሳይነካ መዝገቡ በግማሽ ይወርዳል። አዲስ ጣቢያ ሲከፈት፣ ትጉህ አዛዥ ሲመደብ፣ ሰው ፖሊሱን ማመን ሲጀምር ደግሞ ቁጥሩ ይወጣል። በመዝገብ ላይ የወንጀል መብዛት የሕዝብ አመኔታ መብዛት፣ የወንጀል መቀነስም የተስፋ መቁረጥ ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የትንንሽ ቁጥር ጠባይም ይጨመርበት። በአንድ ከተማ በወር በአማካይ 3 ቅሚያ ይመዘገባል እንበል፤ ከወር ወር ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ሌባው ያው፣ መብራቱ ያው፣ ፖሊሱ ያው። ፈረንሳዊው ፕዋሶን ስለ ፍርድና ስለ ዕድል ሒሳብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ባሳተመው መጽሐፍ የመነጨው ቀመር ይህን ያሰላልናል፦ በዓመቱ ውስጥ 6 ወይም ከዚያ በላይ ቅሚያ የሚመዘገብበት አንድ ወር መገኘቱ ከሦስት ዓመት በሁለቱ ያህል የሚጠበቅ ነው። ያን ወር ሰው «ቅሚያ በእጥፍ ጨመረ» ይላል፤ እውነትም ጨምሯል፣ ነገር ግን ዳይ ስድስት ስለወጣላት ጠባይዋ ተለወጠ አይባልም። አንድም ያልተመዘገበበት ወር ሲመጣ ደግሞ አንድ ኃላፊ ምስጋና ይቀበልበታል። የሚካፈልበት ሕዝብስ? ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ የመጨረሻው የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው፣ ተከታዩም ተደጋግሞ ተራዝሟል። በዚያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ወጣት ነው። «ከአሥር ሺህ ሰው ይህን ያህሉ ተዘረፈ» ስንል አሥር ሺዎቹ ግምት ናቸው። በዚያ ላይ የወረታ መንገድ ላይ የሚዘረፈው የወረታ ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ መኪና ለመቀየር የወረደ መንገደኛ፣ ሩዝ ሊጭን የመጣ ሹፌር፣ ለገበያ የገባ የገጠር ሰውም አለ። ተበዳዩን ቆጥረን መንገደኛውን ሳንቆጥር ብናካፍል ከተማዋን ከሆነችው በላይ አስፈሪ እናደርጋታለን።

ታዲያ ወሬው ሌባሻይ፣ መዝገቡ ጎደሎ ከሆነ ምን ቀረ? የኦሪት ሕግ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰው እንዳይፈረድበት ሁለት ወይም ሦስት ይፈልጋል፤ የአገራችን የፍርድ ልማድም ይህንኑ ሲከተል ኖሯል። ለቁጥርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ የሚመሰክር ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር። የአባቶቻችን ሁለተኛ መልስ፣ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ፣ እዚህ ላይ ያግዘናል። ዘረፋ ደርሶ አድራጊው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠየቅ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፣ ሌባው ካልተገኘም የጠፋውን አካባቢው በጋራ ይከፍላል። ጉድለቱን መሸፈን አይገባም፤ ሰውን ከሥራው አግዶ ያስቀምጣል፣ ንጹሑንም ያስከፍላል፣ ጠላት ለማጥቂያም ይመቻል። ሌባሻይ ግን የማያውቀው አንድ ነገር በውስጡ አለ፦ ሁሉም ይጠየቃል። ወደ ጣቢያ የመጣው ብቻ ሳይሆን ያልመጣውም። ብሪታንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የጀመረችው የወንጀል ዳሰሳ ያለ እስራትና ያለ ቅጣት የተካሄደ አፈርሳታ ነው ብንል አላበዛንም፤ ጠያቂዎች ቤት እያንኳኩ «ባለፈው ዓመት ምን ደረሰባችሁ?» አሉ፣ ለፖሊስ ያልተነገረውም ከተነገረው እጅግ እንደሚበልጥ ታወቀ። አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያም ባካሄዳቸው ጥናቶች ሰዎች በሰፈራቸው ሲሄዱ ስጋት ይሰማቸው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ይህ የፍርሃት መለኪያ ነው፣ ፍርሃትም ከቅሚያው ተለይቶ መለካት ያለበት ነገር ነው። ወረታን ለሚያህል ከተማ ትልቅ ተቋም መጠበቅ አያስፈልግም። ዕድር የአባላቱን ዝርዝር ይዟል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ስም ሳይጻፍ፣ «በስድስት ወር ውስጥ ተነጥቀሃል ወይ? የት? በስንት ሰዓት? አመለከትህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጤና ጣቢያው በድብደባ የቆሰሉትን ለሕክምናው ሲል ይመዘግባል። የፖሊስ መዝገብ፣ የዕድር ጥያቄ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ሦስት ምስክሮች ናቸው። ሦስቱ ሲስማሙ እንናገር፤ ሲለያዩ ደግሞ ልዩነታቸው ራሱ የሚያስተምረን አለ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የብልህ እናት ተቃውሞ ነው፦ «ልጄ በጨለማ መንገድ እንዳትሄድ ለመንገር ሦስት ምስክር ልጠብቅ? ተጠንቅቄ ብሳሳት ምን አጣለሁ?» እውነት አላት። ይሁንና ጥንቃቄና ክስ ዋጋቸውን የሚከፍለው ሰው የተለያየ ነው። ልጇን በጊዜ ስታስገባ፣ ደጇ ላይ አምፖል ስታበራ፣ ከጎረቤት ጋር ተያይዛ ስትሄድ ዋጋውን የምትከፍለው ራሷ ናት፤ ለዚህ ጥርጣሬ በቂ ነው። «እነዚያ ከደጋ የመጡት ናቸው» ስትል ግን ከፋዩ ሌላ ሰው ሆነ፦ ሥራ ይከለከላል፣ ቤት አይከራይም፣ አንድ ምሽት «ሌባ!» ተብሎ ከተጮኸ ሕዝብ ይረባረብበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል፤ በመንገድ ላይ የተጮኸበት ልጅ ይህን መብቱን የሚያነብለት የለውም። በሌላው ኪሳራ የሚከፈል ጥርጣሬ ማስረጃ ይፈልጋል። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት በዚሁ ይስማማል፤ በቁጥር 6 አመፀኛ ሰው ወሬ ሲያመጣ ሳታውቁ ሰውን እንዳትጎዱ አጣሩ ይላል፣ በቁጥር 12 ደግሞ ከጥርጣሬ ብዙውን ራቁ። ክርስቲያኑም ቢሆን አንድ ነገር ያስታውስ፦ አገሩን ጥሎ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመው የቆሎ ተማሪም ፊቱ የማይታወቅ ወጣት ነው። የማይታወቅን ወጣት ሁሉ የምትጠረጥር ከተማ የነገ ካህኗንም ደጇ ላይ ትዘጋበታለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጽሐፍ የሚነሣ ነው። ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ ተቀጥቷል፤ ኢዮአብ እያስጠነቀቀው ቆጠረ፣ መቅሠፍትም ወረደ፣ ሰባ ሺህ ሰው ሞተ። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ከሆነ የአንዲት ሴትን እንባ የሰንጠረዥ አንድ ነጥብ ማድረግ ድፍረት አይሆንም ወይ? ለተዘረፈችው መቶ በመቶ ተዘርፋለች፤ «ከሺህ ሁለት» ቢሏት ምን ይጠቅማታል? ተቃውሞው ከባድ ነው፣ ነገር ግን መጽሐፉ መቁጠርን ሁሉ አይኰንንም። በኦሪት ዘጸአት ሕዝቡ ሲቆጠር እያንዳንዱ ስለ ነፍሱ ቤዛ ግማሽ ሰቅል ይሰጣል፤ የተቆጠረ ነፍስ ዕዳ የሚታሰብለት ነፍስ ነው። የዳዊት ቆጠራ ውጤት የቀረበው ሰይፍ በሚመዙ ሰዎች ልክ ነበር፤ የቆጠረው ያለውን ኃይል ለማየት ነው። በሉቃስ ወንጌል ያለው እረኛ ደግሞ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን ሊፈልግ ወጣ፤ ይህ ከቁጥር በላይ የሆነ ፍቅር ምሳሌ ሆኖ ይሰበካል። ሆኖም እረኛው አንዷ መጥፋቷን በምን አወቀ? ማታ በጎችን ሲያስገባ ቆጥሮ ነው። ባይቆጥር ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን አይቶ «መንጋው ደኅና ነው» ብሎ በተኛ ነበር። በወረታ የአንዲትን ሴት መዘረፍ ቁጥር ውስጥ ማስገባት የሚያሳንሳት ቁጥሩ ለሪፖርት ጌጥ ሲሆን ነው። የጎደለውን ለመፈለግ ሲሆን ግን ሳትቆጠር መቅረቷ ነው ሁለተኛው ዝርፊያ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ «አገር በጦርነት ስትታመስ ስለ ስታቲስቲክስ ማውራት ቅንጦት ነው።» በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጧል። እገታ መንገደኛውን ሁሉ ያሳሰበ ነገር ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ታግታ የተወሰደች ሕፃን ተገድላ በመገኘቷ የጎንደር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አልቅሷል፣ ተቆጥቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ስልክ ንጥቂያ መዝገብ መጨነቅ ትንሽነት ይመስላል። እኔ ግን ጥንቃቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው ያኔ ነው እላለሁ። ኬትሌ ያለው ሚዛን የሚናወጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ፖሊሱ ሌላ ሥራ ላይ ነው፣ መንገዱ ያስፈራል፣ ተበዳዩ ማመልከት ራሱ አደጋ ያመጣብኛል ብሎ ይሰጋል። መዝገቡ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ መዝገብ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ሰላም ይመስላል። በሌላ በኩል ወሬ ማጣሪያ ሲያጣ እያንዳንዱ ቅሚያ እገታ፣ እያንዳንዱ እንግዳ ሰላይ ይሆናል። ዝምታን ሰላም ብሎ የመዘገበና ጥላን ወንበዴ ብሎ የጮኸ በተቃራኒ መንገድ ሄደው አንድ ትእዛዝ ጥሰዋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ቁጥሩ ቢጣራ፣ ምስክሮቹም ቢስማሙ፣ ያ ቁጥር የማን ዕዳ ነው? ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 21 እንግዳ የሚመስል ሥርዐት አለው። ሰው በሜዳ ላይ ተገድሎ ቢገኝ፣ ገዳዩም ባይታወቅ፣ ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ። የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር አምጥተው፣ ሥርዐቱን ፈጽመው፣ እጃቸውን ታጥበው ደሙን እንዳላፈሰሱና እንዳላዩ ይናገራሉ። ማንም ገደላችሁ አላላቸውም፤ የሚጠየቁት ቅርብ በመሆናቸው ነው። የተበዳዩ ዕዳ ገዳዩ ሲታወቅ የገዳዩ ነው፤ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ በአየር ላይ አይቀርም፣ ለቅርብ ሰው ይወርዳል። አፈርሳታም የጠፋውን በጋራ ሲያስከፍል ይህንኑ ሐሳብ በራሱ ሸካራ መንገድ ይዞ ነበር። በወረታ ቅሚያ የት የት እንደሚደርስ በሦስት ምስክር ከታወቀ ርቀቱ ተለካ ማለት ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ቅያስ መብራት የሌለው ከሆነ የመብራቱ ዕዳ በአጠገቡ ያለው መፈልፈያ ቤት፣ ዕድርና ማዘጋጃ ቤት ደጅ ላይ ነው፤ ሌባው ተያዘም አልተያዘም። እጁን የታጠበ ሌላም ሰው በመጽሐፍ አለ፤ ጲላጦስ። እሱ ታጥቦ ገባ። የኦሪት ሽማግሌዎች ግን ከመታጠባቸው በፊት ገመድ ይዘው ሜዳው ላይ ወጥተዋል።